ቢጫው ዘበኛ

ሰኞ (46)

ጨው 1.025። ሙቀት 26። ሁሉም በልቷል።

ስምሪት ክፍል በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ የሾፌሮች የዓመቱ የጤና ምርመራ። ቆጠርኩት፣ አርባ ስድስት ቀን ይቀረዋል። በቅንፍ የጻፍኩት እሱን ነው። ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። ሃያ ሦስት ዓመት ስመረመር አንድም ጊዜ ቆጥሬ አላውቅም።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለገንዳው ነበር። አንድ ሆቴል ተዘግቶ ዕቃውን ሲሸጥ ያገኘሁት የባሕር ዓሣ ገንዳ ነው፤ ሳሎናችን ውስጥ ከግድግዳው እስከ መስኮቱ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። ባለቤቴ ቦታ ስለፈጀባት «ሦስተኛው አልጋ» ትለዋለች። ኮራል አለው፣ ቀንድ አውጣ አለው፤ እኔ ግን ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ የማያቸው ሁለቱን ነው። አንዱ ጎቢ የሚሉት ጣት የሚያክል ቢጫ ዓሣ ነው። ሌላው ሽሪምፕ የሚሉት፣ ረጃጅም አንቴናና አንድ ትልቅ መቆንጠጫ ያለው የሸርጣን ዘመድ ነው። ሽሪምፑ አያይም ማለት ይቻላል፤ ግን ቀኑን ሙሉ እንደ ግሬደር አሸዋ እየገፋ ጉድጓድ ይቆፍራል። ዓሣው መቆፈር አይችልም፤ ዓይኑ ግን የተባረከ ነው። ስለዚህ አብረው ይኖራሉ። አንዱ ቤት ይሠራል፣ አንዱ በር ላይ ይቆማል። ሽሪምፑ አሸዋ ሊደፋ ሲወጣ አንዱን ረጅም አንቴናውን ከዓሣው ጭራ ላይ አያነሳም። ዓሣው ጭራውን ካርገበገበ አደጋ አለ ማለት ነው፤ ሁለቱም ጥልቅ ይላሉ። ልጄ ዘበኛውና ቆፋሪው ብላ ስም አወጣችላቸው።

ነገ ጨው መግዛት።

ረቡዕ (44)

የአውቶቡሱ የቀኝ ስፖኪዮ ተሰበረ። አንዱ ባለጋሪ ብርቱካኑን መንገድ ዳር ዘርግቶ ሲያበቃ እኔ ላይ ይጮኻል። ትኬት ቆራጯ «ጋሼ፣ አላዩትም እንዴ?» አለችኝ። «አይቼዋለሁ፣ ያሳልፈኛል ብዬ ነው» አልኳት።

ለስምሪት ኃላፊው የጻፍኩት ሪፖርት፦ ጋሪው ድንገት ወደ መንገዱ ገባ። የጋሪው ጎማ በድንጋይ ተደግፎ ነበር፤ እሱ ግን ሪፖርት ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

ሃያ ሦስት ዓመት ያለ አንድ አደጋ። ስፖኪዮ አደጋ አይባልም።

ዓርብ (42)

በርጩማው ዛሬም ቅልጥሜን መታኝ። ይህች ሴት ዕቃ መንገድ ላይ ማስቀመጥ መቼ ነው የምትተወው? አባቴም በመጨረሻ ዘመኑ ያገኘው ነገር ሁሉ ይመታው ነበር። እሱ ግን ሽማግሌ ነበር።

ጨው አልገዛሁም። ነገ።

እሑድ (40)

ልጄ ከትምህርት ቤቷ የመረብ ኳስ ቡድን ጋር ለውድድር ሌላ ከተማ ሄደች። አሥራ አንድ ቀን ትቆያለች። ሻንጣዋን ሳትዘጋ ስለ ዓሣዎቹ ታስጠነቅቀኛለች፤ «አባዬ፣ የገንዳውን ክዳን መረቡን ደግሞ ሁለቱንም ጎን አይተህ ዝጋ፣ ጎቢ ዘላይ ነው»። ገንዳውን የገዛሁት እኔ፣ መካሪዋ እሷ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አነጋገሯ ግን የስምሪት ኃላፊ ነው።

ቤቱ ጭር አለ። ባለቤቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የሰው ልብስ ትሰፋለች፣ እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ቆፋሪውን አያለሁ። ዛሬ ከጉድጓዱ አንድ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አውጥቶ በሩ አጠገብ ጣለ። ልክ የቤት ሰው ቆሻሻ እንደሚደፋው። ዘበኛው ንቅንቅ አላለም።

ማክሰኞ (38)

ትኬት ቆራጯ በቀለበቷ የአውቶቡሱን ብረት ቀጭ ታደርጋለች። አንድ ጊዜ ቁም፣ ሁለት ጊዜ ሂድ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ በአፍ ተነጋግረን አናውቅም። በዚህ ሰሞን ግን አፏ ተከፍቷል። «ጋሼ፣ በቀኝ ብስክሌት አለ።» «ጋሼ፣ ሴትዮዋ እስክትሻገር።» ዛሬ ደሜ ፈላ። «ሾፌሩ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አልኳት ሰው ሁሉ ፊት።

እስከ መጨረሻው ፌርማታ ብረቱን ትመታ ነበር። ስድብ እንኳ አይገባትም። በኋላ አፈርኩ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ (36)

ዘበኛው የለም።

ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ አጣሁት። በሩም እንደነበረ አይደለም፤ አሸዋው ተደርምሶ ዘግቶታል። ቆፋሪውም አልወጣም። መቼም ሁለቱ ተኝተው ይሆናል።

ዓርብ (35)

የለም። የውሃ ባልዲውን ሞልቼ ወደ ገንዳው ስገለብጥ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴ መወልወያ አመጣች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ (34)

ቀኑን ሙሉ ፈለግኩት። መረቡን አነሳሁ፣ ባትሪ አበራሁ፣ መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ የድሮውን በር ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ከገንዳው ኋላ በመጥረጊያ ጠረግኩ። ምንም። ቆፋሪው አንድ ሁለት ጊዜ ትልቁን መቆንጠጫውን ሲያስጮህ ሰማሁት፤ ጧ ይላል፣ ጣት የማታክል ነገር እንዲያ ትጮኻለች ብሎ የሚያምን የለም። ድምፁ ከግራው ጥግ የመጣ መሰለኝ። አየሁ፣ አሸዋ ነው። ውሃ ውስጥ ድምፅ ያሳስታል።

ባለቤቴ ከመኪናዋ ሳትነሳ «ሰው እንኳ እንዲህ አይፈለግም» አለች። ገንዳውን ቀና ብላ አታይም፤ በጨው ውሃ ምንጣፏን ካበላሸሁባት ወዲህ ተኳርፈዋል።

ዘበኛው ሞቷል። ስድስት ዓመት ኖረ፤ ለእሱ ዕድሜ ነው። ግን ቆፋሪው ያለ ዓይን ምን ይሆናል?

ሰኞ (32)

አጭር። ደክሞኛል።

ከገበያው ጥግ ስታጠፍ ፖስታ ቤት የሚሠራ ሰውዬ በብስክሌት ገባብኝ። ከየት መጣ ሳይባል፣ ከመሬት የበቀለ ይመስል። በጎን ነካሁት። ወደቀ። ትኬት ቆራጯ ጮኸች። ከኋላ መኪና ስለነበር አልቆምኩም። «ተነስቷል ጋሼ፣ ተነስቷል» አለችኝ።

ተነስቷል። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ከጎን ነው የሚመጣው።

ማክሰኞ (31)

ተነስቷል ብላኛለች። እሷ ደግሞ አትዋሽም።

ከሥራ በኋላ ዓሣ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ሱቁ እርጥብ ስለሆነ ሁሌ ያስነጥሰዋል። ሌላ ጎቢ ፈልጌ ነው ስለው ወዲያው አልሸጠልኝም። «ያኛው መሞቱን አይተዋል? እነዚህ በር ይቀይራሉ፤ ሲደበቁ ወር ይደበቃሉ። ሁለት ወንድ አንድ ጉድጓድ ላይ ካገናኟቸው ይበላላሉ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጥግ ጥጉን ሁሉ አይቻለሁ» አልኩት።

አስነጠሰው። ከዚያ ማጥመጃ መረቡን አነሳ። ነጭና ቡናማ ሸንተረር ያለው ነው፤ ከዘበኛው ይገዝፋል።

ረቡዕ (30)

አዲሱን አስገባሁት። ወዲያው በግራ በኩል ሄዶ ከዓይኔ ጠፋ። ደስ አለኝ፤ ቆፋሪውን አግኝቶት ይሆናል። መረቡን ዘጋሁ። አመሻሹ ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ውሃው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቦጫረቀ። እየተዋወቁ ነው አልኩ ለባለቤቴ።

ሐሙስ (29)

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አንድ ዓሣ ነው።

ልጄ ተመለሰች። ዋንጫ አላመጡም። ሻንጣዋን በሩ ላይ ጥላ ወደ ገንዳው ሄደች፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አነሳች። ዘበኛው ነው። ገንዳው በተቀመጠበት ካቢኔና በግድግዳው መካከል ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ክንፉ ተቦጫጭቋል። ገና እርጥብ ነው።

«አባዬ፣ ለምን ሁለት አደረግካቸው?»

«ያኛው ሞቶ ነው።»

«አሁን ነው የሞተው። እርጥብ ነው፣ ንካው።»

ነካሁት። ለስላሳ ነበር። ልጄ መስታወቱን በጣቷ እያሳየች ነገረችኝ፤ በግራው ጥግ፣ ከመስታወቱ አንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ፣ አዲስ በር አለ። ትኩስ አሸዋ ተከምሮበታል፣ ቅርፊት ተጥሎበታል። ቆፋሪው ቤቱን ቀይሮ ነበር፤ ዘበኛውም እዚያው አብሮት ቆሞ ነበር፤ በነጭ አሸዋ ላይ ቢጫ ዓሣ፣ ሳምንት ሙሉ። አዲሱ ሊቀማው መጣ፣ ተጣሉ፣ ዘለለ። መረቡ በግራ በኩል አንድ መዳፍ ያህል ተከፍቷል። ዘግቼው ነበር። ዘግቼዋለሁ ብዬ ነበር።

ባለቤቴ ክር እየበጠሰች «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እመልስላት ነበር።

ከዚያ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያን ጥግ አየሁ። አሁን ሳውቀው ይታየኛል። ያኔ ለምን? ብዙ ቆየሁ መሰለኝ። «አባዬ» የሚል ድምፅ ከትከሻዬ ሥር ሲመጣ ዘልዬ ልወድቅ። «መቼ መጣሽ?» አልኳት። «እዚሁ ነበርኩ፤ እጄን ሳወዛውዝልህ ነበር» አለች። ሳቀች። ሳቋ ግን ሳቅ አይመስልም። ልጅ ለእንስሳ ሲያዝን እንዲህ ነው።

ቅዳሜ (27)

ማንም አያውቅም፤ ለባለቤቴ ጨው ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ። የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። መነጽር ያስፈልገኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩ። ልጅቷ ራሷ «ጎበዝ» አለችኝ። ከዚያ አንድ ማሽን ላይ አገጬን አስደግፈው፣ አንድ ዓይኔን ሸፍነው ቁልፍ አስጨበጡኝ። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ተጫን ነው። መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ ቆመ። ብዙ ጠበቅኩ።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽን ተበላሽቷል» አልኳት።

«እየሠራ ነው አባባ፣ መሃሉን ብቻ እያዩ ይጠብቁ።»

ጠበቅኩ። ምንም መብራት የለም። ማሽኑ ተበላሽቷል።

ሐኪሙ ገና ጺሙ ያልበቀለ ልጅ ነው። ወረቀቱን አሳየኝ፤ ዙሪያውን ጥቁር፣ መሃሉ ነጭ። ግላኮማ አለ። ምንጣፍ ከጠርዙ እንደሚበላው ዓይንም ከጎን ይበላል፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል፣ አለኝ። መኪና ይነዳሉ? አይ፣ አልኩት። በቤተሰብ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ? የለም፣ አልኩት።

አባቴ በመጨረሻው ዓመት የበሩን እጀታ በእጁ እየዳሰሰ ነበር የሚፈልገው። ሐኪሙ ግን የጠየቀኝ ቸኩሎ ነው።

ወረቀቱንና ጠብታውን ከገንዳው ሥር፣ ካቢኔው ውስጥ፣ ከጨው ባልዲው ኋላ አስቀመጥኩ። የማያይ ሰው የመጨረሻውን መስመር ያነባል?

ሰኞ (25)

ልጄ ዛሬ ጠዋት በእኔ አውቶቡስ ተሳፈረች። በዚህ ወር ትምህርታቸው ዘግይቶ ስለሚጀምር ሁለት ዙር አብራኝ ትዞራለች። ከበሩ አጠገብ የፊተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ መንገዱን ታያለች። በዚህ ዕድሜዋ ከአባቷ ጋር መታየት የማታፍር ልጅ ስንት አለች? ደረቴን ነፍቼ ነዳሁ።

ረቡዕ (23)

ልጄና ትኬት ቆራጯ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ይንሾካሾካሉ። ስቀርብ ዝም ይላሉ። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፤ «በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ አልገባም፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ።» «ግድ የለም፣ እኔ አለሁ።» ሃያ አራተኛ የሥራ ዓመቴን ልይዝ ስለሆነ ድግስ እያሴሩልኝ ይሆናል። እንዳላወቀ መሆን።

ዓርብ (21)

ቆፋሪው ከጉድጓዱ አይወጣም። ምግቡን በረጅም ቱቦ በሩ ላይ አደርስለታለሁ፤ ጫፉን ሳብ አድርጎ ይወስዳል፣ አንቴናውን አንድ ጊዜ ወጣ አድርጎ በባዶ ውሃ ላይ ያወዛውዛል፣ የሚነካው ያጣል፣ ይመለሳል። አዲሱ ዓሣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቁጭ ብሏል። ጥፋተኛው እኔ፣ የተቀጣው ቆፋሪው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ካቢኔው ውስጥ የጨው ባልዲው ቦታውን ቀይሯል። እኔው ነኝ የነካሁት።

ሰኞ (18)

«አባዬ ቁም!»

ቆምኩ። ፍሬኑ ጮኸ፣ ቆሞ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ። ሕፃን ያዘለች ሴት በቀኝ በኩል መሻገሪያው ላይ ነበረች። አላየችንም፣ ዝም ብላ አለፈች። ከየት መጣች?

ልጄ ሁለት እጇን ጉልበቷ መካከል ከትታ ነበር። ትኬት ቆራጯ ከኋላ፣ ሰው ውስጥ ተጨናንቃ፣ ብረቱን ሁለት ጊዜ መታች። ሂድ ማለት ነው። ሄድኩ። ምን ላድርግ?

ተነስቷል ብላኛለች፣ ያ ፖስተኛ። ሌሊቱን እሱ ነው በሕልሜ የሚመጣው። ከጎን።

ሐሙስ (15)

ትኬት ቆራጯ የለችም። ተተኪው ስልኩ ላይ ነው የሚውለው። ልጄ እስከ ረፋድ አልወረደችም። አስተማሪዋ ቀርቷል አለች።

ለምን ይሆን ዛሬ ብዙ የምታወራው? «አባዬ ያ ጋሪ ደስ ሲል፣ በቀኝ።» «አባዬ ያቺን ልጅ እያት፣ አስፋልት ዳር።» የምታደንቀው ሁሉ መንገድ ዳር ያለ ነገር ነው።

ጠብታውን አልጀመርኩም። ከጀመርኩ አለብኝ ማለት ነው።

ማክሰኞ (10)

ሁሉንም ልጻፈው። እንቅልፍ እንደሁ የለም።

ከሥራ ስገባ ባለቤቴ መኪናዋን ዘግታ ተቀምጣለች። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጥቷል። ልጅዎ በተከታታይ ለአሥራ አንድ ቀን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች አልተገኘችም። ትምህርት ዘግይቶ የሚጀምርበት ወር የሚባል ነገር የለም።

ጮህኩባት። አባት የሚለውን ሁሉ አልኳት፤ ውለታ ቢስ፣ ዋሾ፣ ዓይን አውጣ። ሄዳ ካቢኔውን ከፈተች፣ ከጨው ባልዲው ኋላ ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጫፉ በጨው ደርቆ ነጭ ሆኗል። መሃሉ ነጭ፣ ዙሪያው ጥቁር።

«ይሄን ያገኘሁት ዘበኛው የሞተ ሳምንት ነው» አለች። «አንተ ግን ከእኔ በፊት ታውቃለህ።»

«ትምህርትሽን ትተሽ ምን ልትሠሪ ነው አውቶቡስ ላይ?»

«ጠዋት ሰው ሲሞላ ትኬት ቆራጯ ኋላ ትቀራለች። ግራ ቀኙን የሚያይልህ የለም።» ንግግሯን የተለማመደችው ይመስላል። «ለማን ልናገር አባዬ? ብናገር ሥራህን ታጣለህ። ዝም ብል ሰው ትገጫለህ። ሁለቱንም አልፈለግኩም። ተሳፈርኩ።»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ፤ ትፈርድልኛለች ብዬ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች። «ዓመት ሙሉ ወንበሩን ሁሉ ወደ ግድግዳ የማስጠጋው ለውበት መሰለህ?»

«በርጩማውስ?»

«በርጩማው ያንተ ነው። ገንዳው ፊት ትተኸው ትነሳለህ፣ ስትመለስ ትመታዋለህ። አንድ ቀን አንስቼው ብትፈልገው አጣኸው፣ ልትቀመጥ ስትል ወደቅህ። ከዚያ ወዲህ አልነካውም።»

የወደቅኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ያኔም እሷን ነበር የሰደብኩት።

ሁሉም ያውቅ ነበር። ሁሉም በየበሩ ቆሞ ጭራውን ያርገበግብልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሾፌሩ ማን ነው እያልኩ እጠይቃለሁ።

ረቡዕ (9)

እስከ ምርመራው ድረስ የዓመት ፈቃድ ሞላሁ። ባለቤቴ ያለዚያ ቁልፉን አልሰጥህም አለች፣ የቤቱን። ልጄ ትምህርት ቤት ሄደች። ስምምነታችን ይህ ነው፤ የምርመራው ሐኪም ያለው ይሁን። ከጣለኝ ቃል አልናገርም። ካሳለፈኝ ግን እነዳለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት የመረመረ መሥሪያ ቤት ከአንድ ማሽንና ጺም ካላበቀለ ልጅ ይሻላል።

ልጄ «እሺ» አለች፤ እሺ ስትል አላየችኝም።

ጠብታውን ጀመርኩ። ያቃጥላል።

ሰኞ (4)

ጨው 1.026። ትንሽ ከፍ ብሏል።

ቤት መዋል አልለመድኩም። ቆፋሪው ዛሬም ብቻውን ነው። አዲሱ ከድንጋዩ ወርዶ ከበሩ አንድ ክንድ ርቆ ቆሟል። አይተዋወቁም። ልጄ ካልነገረችኝ የቱ ጋ እንደቆመ ሦስት ጊዜ ፈልጌ ነው የማገኘው። ዛሬ ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ።

ሐሙስ (1)

ካሳለፈኝስ?

ዓርብ (0)

ወረፋው እስከ ግቢው በር ደርሷል። ክብደት፣ ደም ግፊት፣ ዓይን። ሐኪሙ ቀና ብሎም አላየኝ። «ከላይ ወደ ታች።» አነበብኩ። «በሌላው።» አነበብኩ። የመጨረሻውን መስመር ሳይጠይቀኝ ጨመርኩለት። ማኅተሙን መታ። ብቁ።

ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሾፌሮቹ ትከሻዬን መቱኝ፤ «ይሄ ሰውዬ ንስር ነው እኮ!» እኔም ሳቅኩ። ስምሪት ክፍል ወረቀቱን አሳይቼ የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡሴን ቁልፍ ተቀበልኩ። ለሰኞ መድበውኛል። ማንም አልጣለኝም። ቃሌ ቃል ነው፤ ካሳለፈኝ እነዳለሁ ብያለሁ። ልጄ ሰኞ ጠዋት ምን ታደርግ ይሆን ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ላላስብ ሞከርኩ።

ከበረንዳው ወደ ግቢው ልወጣ ስል ቀጭ የሚል ሰማሁ። አንድ ጊዜ። አንድ ማለት ቁም ነው። እግሬ ሳላዘው ቆመ። ቁልቁል ሳይ ደረጃው ጫፍ ላይ ነኝ፤ ግማሽ ጫማዬ አየር ላይ። ትኬት ቆራጯ በጎኔ የበረንዳውን ብረት ይዛ ቆማለች። መኖሯን አላየሁም ነበር። ፊቷን እንኳ ወደ እኔ አላዞረችም፤ ከሌላ ሴት ጋር እያወራች ነው፤ እጇ ብቻ ነው የመታው፤ ከልማድ።

ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳቆመችኝ እኔ አላውቅም። እሷ ታውቃለች።

ተመልሼ ገባሁ። ቁልፉንና ወረቀቱን የስምሪት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ።

«ምነው? ብቁ ብሎሃል እኮ።»

«የጠየቀኝ ፊት ለፊት ያለውን ነው። ፊት ለፊት አያለሁ። ከጎን አላይም።»

«ሐኪሙ ያላለውን የምትለው አንተ ማን ነህ?»

«ዓይኑ የእኔ ነው» አልኩት።

ስለ ፖስተኛውም ነገርኩት። ጋሪው ጎማው በድንጋይ ተደግፎ እንደነበረም ነገርኩት። ስወጣ ትኬት ቆራጯ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛ ጋሼ፤ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።» «አንቺማ ስትናገሪ ነበር» አልኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት። ግቢው መሃል አለቀስኩ። ይጻፍ።

ሐሙስ

ከእንግዲህ ቁጥር የለም።

ፖስተኛውን አገኘሁት። የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ እስካሁን በፋሻ ነው። ተነስቷል፣ አዎ። ተነስቶ አውቶቡሱ ሳይቆም ሲሄድ አይቷል። የሚለውን ሁሉ አለኝ፣ ቆሜ ሰማሁት። መጨረሻ ላይ «አሁንም ትነዳለህ?» አለኝ። አልነዳም ስለው ፊቱ ለስለስ አለ። ይቅር አላለኝም፤ ወንበር ግን ሳበልኝ።

ማክሰኞ

ጺም አልባው ሐኪም ጋ ልጄን ይዣት ሄድኩ። ስለ አባቴ እውነቱን ነገርኩት። ቁልፉን ይዛ ማሽኑ ላይ ስትቀመጥ እኔ ውጭ ሆኜ በሩን እያየሁ ጠበቅኩ። የእሷ ወረቀት ነጭ ነው፣ ዳር እስከ ዳር። በየዓመቱ ትታያለች። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር።

መሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አስረካቢ ሊያደርገኝ ነው። አሁን የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት በዘጠኝ ቁጥር ተሳፍሬ እሄዳለሁ፣ እንደ ሰው። አዲሱ ሾፌር ፍሬን ይጎትታል፤ ምንም አልልም።

እሑድ

ጨው 1.025። ሙቀት 26።

በርጩማውን ግድግዳው ጋ አስጠግቼ ልጄ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አዲሱ ዓሣ ግራው ጥግ ወርዷል አለችኝ። ቆፋሪው አሸዋ እየገፋ እየወጣ ነው አለችኝ። ባለቤቴ እንኳ መኪናዋን አቁማ መጣች። ከዚያ ልጄ ትንፋሿን ያዘች።

«ነካው አባዬ። አንቴናውን ጭራው ላይ አደረገ።»

አየሁ፣ ያየሁት አሸዋ ብቻ ነው። እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ አመንኳት።